ሰዓቱ ታጠፈ፣ ላብራቶሪውስ? ስለ ማታው የምህንድስና ትምህርታችን

ከማታ ተማሪዎቼ አንዱ ሁልጊዜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል። በዕድሜ ይበልጠኛል። ጫማው ላይ ሲሚንቶ አለ፤ ጠርጎት ነው የሚመጣው፣ ግን ሲሚንቶ ተጠርጎ እንደማያልቅ የሳይት ሰው ያውቃል። ክፍል የምንገባው 12 ሰዓት ላይ ነው፣ እሱ ከሳይት የሚወጣው 11 ሰዓት ላይ። አንድ ማክሰኞ ማታ ስለ ውሃና ሲሚንቶ ምጣኔ ሳስተምር እንቅልፍ ጣለው። ጓደኛው በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው ብድግ ብሎ "ይቅርታ መምህር፣ ዛሬ ሶሌታ ስንሞላ ውለን ነው" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ አርማታ ሲያስሞላ ውሎ፣ እንቅልፍ የወሰደው ስለ አርማታ በስላይድ ሲነገረው ነው። እኔ የማወራለትን ነገር እሱ ከጥቂት ሰዓት በፊት በዓይኑ እያየ፣ በእጁ እየነካ ነበር።

ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች በማስታወቂያቸው "እንደ ጊዜዎ የሚመች ትምህርት" ይሉታል። ማታ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ክረምት፣ ርቀት። አንዳንዱ ብሮሹር "ፍሌክሲብል" ብሎ ይተወዋል፣ አንዳንዱ "ተጣጣፊ" ብሎ ይተረጉመዋል (ተጣጣፊ ሲባል እኔ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የእንግዳ አልጋ ነው)። ቃሉ ላይ ጠብ የለኝም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የታጠፈው ምኑ ነው? የሚታጠፈውስ ማን ነው? እስከማየው ድረስ እኛ ጋ የታጠፈው ሰዓቱ ብቻ ነው። የቀኑ ሌክቸር ያንኑ ስላይድ ይዞ ወደ ማታ ተዛወረ። የሚታጠፈው ደግሞ ተማሪው ብቻ ነው፤ እንቅልፉን፣ እራቱን፣ ልጆቹን የሚያይባትን ትንሽ ሰዓት ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲው ንቅንቅ አላለም፣ አሠሪውም እንደዚያው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። "የማታ ዲግሪ" እያሉ ከንፈር ከሚመጥጡት ወገን አይደለሁም። በማስተማር ሕይወቴ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ምርጦቹ የመጡት ከማታ ክፍል ነው። የ19 ዓመቱ የቀን ተማሪ "ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?" ይለኛል፤ የማታው ተማሪ "መጽሐፉ እንዲህ ይላል፣ እኛ ሳይት ላይ ግን እንዲህ ነው የምናደርገው፣ ማን ነው የተሳሳተው?" ይለኛል። ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ቤት ሄጄ ማንበብ ያስፈልገኛል። ስለዚህ የምተቸው ትምህርቱ በማታ ወይም በርቀት መሰጠቱን አይደለም።

ክርክራችን ግን ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነው የሚቆመው። ነሐሴ 2002 ዓ.ም. ላይ ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን በጅምላ ሲያግድ የነበረውን ግርግር የምታስታውሱ አላችሁ። እገዳው ኋላ ላይ ላላ። በዚያን ጊዜ የጥራት ችግር አልነበረም ማለቴ አይደለም፣ ነበረ። ግን ጥያቄው "ርቀት ይኑር ወይስ አይኑር?" ሆኖ ቀረ። መጠየቅ የነበረበት ከየሙያው ውስጥ የትኛው ክፍል ከቤት ሆኖ ይሠራል፣ የትኛው በማታ ይሠራል፣ የትኛው ደግሞ በምንም ተአምር ከቦታው አይነቃነቅም የሚለው ነበር። የሒሳብ አያያዝ ትምህርትና የአፈር ሜካኒክስ በአንድ ደብዳቤ ታገዱ ወይም በአንድ ደብዳቤ ተፈቀዱ ማለት ስለሁለቱም አላሰብንም ማለት ነው። እስቲ ኮምፒዩቲንግን፣ ምህንድስናንና ግንባታን ለየብቻ እንያቸው።

በደንብ የሚታጠፈው

ከሦስቱ በጣም የሚታጠፈው ኮምፒዩቲንግ ነው። "ዲጂታል ስለሆነ" ይባላል፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይመስለኝም። ዋናው ምክንያት መማሪያውና ላብራቶሪው አንድ ዕቃ መሆናቸው ነው። ፓይተን እየተማራችሁ አንድ ቅንፍ ብትረሱ፣ ኮምፒዩተሩ በሰከንድ ውስጥ የትኛው መስመር ላይ ችግር እንዳለ ይነግራችኋል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይም ይነግራችኋል። አይሰለችም፣ አይቆጣም፣ አበልም አይጠይቅም። ተሳስቶ ወዲያው ማወቅ፣ አርሞ እንደገና መሞከር ለትምህርት የሚሰጠውን ጥቅም ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ከአርማታ ጋር አስተያዩት፤ የአርማታ ስሕተት መልሱን የሚሰጠው ከ28 ቀን በኋላ ነው፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ።

በዚህ ዘርፍ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነኝ አትላንታ የሚገኘው ጆርጂያ ቴክ በጥር 2014 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የኦንላይን ኮምፒዩተር ሳይንስ ማስተርስ ነው። ጠቅላላ ክፍያው 7,000 ዶላር አካባቢ እንዲሆን ተደርጎ ተነደፈ፤ ለአሜሪካ ይህ በጣም ርካሽ ነው። ዛሬ ከ10,000 በላይ ተማሪዎች ያሉት ሲሆን አብዛኞቹ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ዲፕሎማው ላይ "ኦንላይን" የሚል ቃል የለም፣ ከግቢው ተማሪ ዲግሪ ጋር አንድ ነው። እኔን የሚገርመኝ ርካሽነቱ ሳይሆን የሥራ ክፍፍሉ ነው። ቪዲዮው አንድ ጊዜ ተቀርጾ ይቀመጣል፤ የሰው ጉልበት የሚፈሰው የተማሪዎችን ሥራ በማረምና ጥያቄ በመመለስ ላይ ነው፣ ለዚያም ብዙ ረዳት መምህራን አሉ። እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው፤ መምህሩ ያንኑ ሌክቸር በየሴሚስተሩ ሲደግም ይደክምና የተማሪውን ሥራ ለማንበብ ጊዜ ያጣል።

ያለ ሰው እገዛ ነገሩን ለኢንተርኔት ብቻ ብንተወውስ? ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ በኤዴክስ በኩል በነጻ ያቀረቧቸውን ኮርሶች መረጃ የመረመሩ ሁለት ተመራማሪዎች በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሳይንስ መጽሔት ላይ ውጤታቸውን አውጥተው ነበር። በ2017–18 ከተመዘገቡት ውስጥ ኮርሱን የጨረሱት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ይሄ ሰዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ብዙዎቹ ለማየት ያህል የገቡ ናቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ የሚጠይቃቸው ሰው በሌለበት ሦስተኛው ሳምንት ላይ የተንጠባጠቡ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ እኛ ጋ በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የፕሮግራሚንግ፣ የዳታና የአንድሮይድ ኮርስ በነጻ ማግኘት መቻሉ ደስ ይለኛል፤ ተማሪዎቼንም ግቡ እላቸዋለሁ። ግን ሰርተፊኬት ይዘው ሲመጡ የምጠይቃቸው ሁሌ አንድ ነገር ነው፦ "የጻፍከውን ኮድ ሌላ ሰው አንብቦታል?" ሥራ ቤት ውስጥ ኮድ የሚጻፈው ለማሽን ብቻ አይደለም፤ ነገ የሚያስተካክለው ባልደረባም ያነበዋል። ማሽኑ ያለፈው ኮድ ሰው ሊያነበው የማይችል ሊሆን ይችላል። ይሄን የሚያስተምር ሰው ነው፣ ያም ሰው በሳምንት አንድ ሰዓት በቪዲዮ ቢገኝ ይበቃል።

መብራት ጠፍቶ፣ ዳታ አልቆ፣ ላፕቶፕ ለሦስት ተካፍሎ የሚማረውን ልጅ ዘንግቼው አይደለም። ግን እነዚህ መፍትሔያቸው የታወቀ ችግሮች ናቸው። የኮርሱን ቪዲዮ በፍላሽ ሰጥቶ የግቢውን ኮምፒዩተር ክፍል እሁድ መክፈት አዲስ ግኝት አይጠይቅም። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በማታው የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል እስከ ዛሬ ኮድ በእስክሪብቶ፣ በወረቀት ላይ የሚያስጽፍ ፈተና አለ። ሴሚኮሎን የረሳ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። ኮምፒዩተር በነጻ፣ በአንድ ሰከንድ የሚያርመውን ስሕተት መምህሩ በቀይ ቀለም ሲያርም ያድራል። ከሦስቱ ሙያዎች እንደ ልብ የሚታጠፈውን ይዘን እንጨት አደረግነው።

የሠላሳ ደቂቃዋ ጉዳይ

ምህንድስና ላይ ነገሩ ይከብዳል። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ሒሳቡ ከቤት ይሠራል። ሽቦው ግን የሆነ ቦታ መያያዝ አለበት።

ይሄን ጥያቄ ቀድመው የተጋፈጡት የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ቻርተሩን ያገኘው በ1969፣ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ማስተማር የጀመረው በጥር 1971 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያኔ ኢንተርኔት የለም፤ ቢቢሲ ላይ የሚተላለፍ ትምህርት፣ በፖስታ የሚላክ መጽሐፍ ነው ያለው። ሳይንስ በፖስታ እንዴት ይማሩታል ተብሎ ተሳቀባቸው። ምን አደረጉ? ላብራቶሪውን በሣጥን አሽገው በፖስታ ላኩት። ትንሽ የፕላስቲክ ማይክሮስኮፕ፣ ኬሚካል፣ ብልቃጥ። ሰዎች ልጆቻቸው ከተኙ በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሙከራ ይሠሩ ነበር። ሣጥን ውስጥ ለማይገባው ደግሞ የክረምት ሳምንት አዘጋጁ፤ የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች መደበኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ሲወጡ ባዶ የቀረውን ግቢና ላብራቶሪ ተውሰው ተማሪዎቻቸውን አንድ ሳምንት ሙሉ ሙከራ ያሠሯቸው ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ከርቀት የሚታዘዙ እውነተኛ መሣሪያዎች ያሉበት ላብራቶሪም አለው፣ ተማሪው ቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት መሣሪያውን ያንቀሳቅሳል፣ ንባቡን ይወስዳል። ምህንድስናውም በአገሩ የምህንድስና ምክር ቤት ዕውቅና ያለው ነው።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ትምህርቱን በሦስት ከፍለውታል፦ ቤት የሚሠራ፣ በሣጥን የሚላክ፣ ቦታው ድረስ የሚያስመጣ። ሦስተኛውን ለማምለጥ አልሞከሩም። ለሥራና ለቤተሰብ እንዲመች አጠፉት እንጂ አልሰረዙትም።

ወደ እኛ ልመለስ። ያስተማርኩበት አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ (ስሙን ተዉት) ላብራቶሪ አለ፣ መሣሪያውም መጥፎ አይደለም። የላብራቶሪ ረዳቱ እንደማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቆልፎ ይወጣል። የማታ ክፍል የሚጀምረው 12 ሰዓት ነው። በመሃል ያለችው ሠላሳ ደቂቃ ናት። በዚያች ሠላሳ ደቂቃ ምክንያት የማታ ተማሪዎች ለዓመታት ላብራቶሪውን በመስኮት ነው ያዩት። ረዳቱን አልወቅሰውም፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚፈቅድለት መመሪያ የለም ተብሏል። የማታ ተማሪው ግን ለክሬዲቱ ገንዘብ ከፍሏል፣ ከዚያ ክሬዲት ውስጥ የላብራቶሪው አለበት።

ታዲያ ላብራቶሪ ሳይገባ እንዴት ውጤት ያገኛል? "ዳታ" ይሰጠዋል። ያለፈው ዓመት የቀን ተማሪዎች የለኩትን ቁጥር የያዘ ወረቀት ተባዝቶ ይታደላል፣ ተማሪው ከዚያ ላይ ግራፍ ሠርቶ ሪፖርት ይጽፋል። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ሁለት ሴሚስተር። ሪፖርቶቹ ያምሩ ነበር።

ይሄ ምን ያጎድላል የሚል ካለ አንዲት ትንሽ ምሳሌ ልስጥ። 1,000 ኦም የሚል ምልክት ያለው ተራ ሬዚስተር የ5 በመቶ ልዩነት ይፈቀድለታል፤ ማለትም ስትለኩት 960 ወይም 1,040 ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ደህና ነው። በእጁ የለካ ተማሪ መጀመሪያ ይደነግጣል፦ "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ ዕቃው?" ሽቦውን ያያል፣ ባትሪውን ያያል፣ ሌላ ሬዚስተር ይሞክራል። የምህንድስና ትምህርት ማለት ይቺ ድንጋጤ ናት። በወረቀት ዳታ የተሰጠው ሰው አይደነግጥም፤ ቁጥሩ ላይ እምነት ጥሎ ይመረቃል። በኮምፒዩተር ላይ ያለው የሰርኪዩት ሲሙሌሽንም ይሄን አይሰጥም። ደጋግሞ ለመሞከር ግሩም ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ግን ሲሙሌሽን ውስጥ የላላ ሽቦ የለም።

መልቲሜትር፣ ብሬድቦርድ፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ አንድ አርዱይኖ፤ ሁሉም በአንድ የጫማ ካርቶን ይገባሉ። እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በመታወቂያ ተውሶ ቤት መውሰድ ይቻላል። የተሰበረ ካለ ይከፈላል። የአፈርና የብረት መፈተኛው፣ የውሃ ፍሰት መለኪያው ካርቶን አይገባም፤ እሱን ክረምት ላይ፣ ግቢው ባዶ ሲሆን፣ በአንድ ሳምንት አጭቆ መስጠት ይቻላል። መምህራኑም ቢሆኑ ክረምት ሥራ ፈተው ነው የሚቀመጡት (ይሄን የሚያነቡ ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝ)።

28 ቀን

አሁን ወደዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወደሚተኛው ተማሪ እንምጣ።

አርማታ "ደረቀ" እንላለን። አይደርቅም። ሲሚንቶና ውሃ ተገናኝተው ኬሚካላዊ ለውጥ ያካሂዳሉ፣ አዲስ ድንጋይ ይፈጠራል። ለዚህ ነው ተሞልቶ ካበቃ በኋላ ውሃ እናጠጣው የምንለው፤ ቶሎ ከደረቀ ለውጡ ይቆማል። ሲሚንቶው በኬሚካል አስሮ የሚያስቀረው ውሃ ከራሱ ክብደት ሩብ ገደማ ነው። ድብልቁ ለሥራ እንዲመች ከዚያ በላይ ውሃ እንጨምራለን። የተረፈው ውሃ ግን ኋላ ሲወጣ በቦታው ጥቃቅን ቀዳዳ ይተዋል። ውሃው ከሲሚንቶው አንጻር በበዛ ቁጥር ጥንካሬው እንደሚወርድ ደፍ አብራምስ የሚባል አሜሪካዊ በ1918 (እ.ኤ.አ.) አሳይቷል፤ ዛሬም የምናስተምረው እሱኑ ነው። ጥንካሬው የሚለካው ጎኑ 15 ሴንቲሜትር በሆነ ኩብ ነው። ኩቡ 28 ቀን ውሃ ውስጥ ይቆይና በማሽን ይጨፈለቃል። በ7ኛው ቀን ከጥንካሬው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ደርሶ ይገኛል። ሲ 25 የምንለው አርማታ ከሆነ፣ ያ ትንሽ ኩብ ከመሰበሩ በፊት 57 ቶን ገደማ መሸከም አለበት።

ይሄን በስላይድ ለመናገር ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሰውዬው የተኛበት ሃያ ደቂቃ መሆኑ ነው።

አንድ ሴሚስተር ላይ ቅዳሜ ጠዋት ላብራቶሪውን በልመና አስከፈትኩ። ለረዳቱ ምሳ ጋበዝኩት፣ ሌላ ክፍያ አልነበረም። የማታ ተማሪዎቹን ሁለት ዓይነት ኩብ አስሞላኋቸው፦ አንዱ በትክክለኛው ምጣኔ፣ ሌላው "እንደ ሳይት ልማድ"፣ ማለትም ድብልቁ አልፈስ ሲል በጎማ ውሃ ለቀቅ ተደርጎበት። የሞሉት እነሱ ናቸው፣ እኔን ማንም አላስጠጋኝም። ያ እንቅልፋም ተማሪ ሞልዱን በሦስት ንብርብር እየወቀጠ ሲሞላ ለቀሩት እየነገራቸው ነበር፣ መምህሩ እሱ ሆነ።

ከ28 ቀን በኋላ ተሰበሰብን። የመጀመሪያው ኩብ 60 ቶን አልፎ ነው የተሰበረው። ሁለተኛው 40 ሳይደርስ ጓ! አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰውዬው 14 ዓመት ሳይት ላይ ሠርቷል፤ ከቀን ሠራተኛ ወደ ካቦ፣ ከካቦ ወደ ፎርማን። በሕይወቱ ስንት መቶ ኩብ ሞልቷል፤ ሲሰበር ግን አይቶ አያውቅም። ኩቡ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፣ ውጤቱ በፖስታ ታሽጎ ለአማካሪው መሐንዲስ ይመጣል፣ ፎርማኑ ጋ አይደርስም። ስብርባሪውን አንስቶ አገላብጦ አየና "መምህር፣ እነዚያን ጎማ የሚይዙትን ልጆች ነበር ይዤ መምጣት የነበረብኝ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ለትምህርት ክፍሉ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ሳይት ላይ የሚሠሩ የማታ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ጊዜ የሠሩትን በመዝገብ ይያዙ፦ ስንት ሜትር ኪዩብ ሞሉ፣ ምጣኔው ስንት ነበር፣ ስታፋው በስንት ሴንቲሜትር ታሠረ፣ ከፕላኑ ጋር ልዩነት ካለ ለምን? መምህሩ ይጠይቃቸው፣ ያም እንደ ላብራቶሪ ሰዓት ይቆጠርላቸው። መልሱ ምን እንደነበር ትገምታላችሁ፦ "ፎርማት የለውም።"

ከባልደረቦቼ የተነሳው ሌላው ተቃውሞ ግን የሚናቅ አይደለም። የሐሰት የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንደ ልብ በሚገዛበት አገር ይሄ መዝገብ በሳምንቱ መርካቶ ይሸጣል አሉኝ። እውነት ነው። ደግሞም ሳይት ላይ መዋል ብቻውን ትክክለኛውን አያስተምርም፤ ያ ውሃ በጎማ መልቀቅ ከየት የተለመደ ሆነና? ለዚህ ነው መዝገቡን ከቃል ጥያቄ ጋር ያያያዝኩት። ሶሌታ አስሞልቶ የሚያውቅንና የማያውቅን ሰው ለመለየት አሥር ደቂቃ ማነጋገር ይበቃኛል። "ቫይብሬተሩን ስታወጣው በፍጥነት ነው ወይስ ቀስ ብለህ?" ብዬ ብጠይቀው የሠራው ሰው ከመመለሱ በፊት እጁ ይንቀሳቀሳል። በሙያና ቴክኒክ በኩል እኮ ሲኦሲ አለን፤ ሰው የሚችለውን በተግባር አሳይቶ ደረጃ የሚያገኝበት ሥርዓት ነው። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሲደርስ ይሄ ሁሉ ዋጋ የሚያጣው ለምንድን ነው?

የሚታጠፈው ማን ነው?

እንግሊዝ ውስጥ የግንባታና የሪል እስቴት ሙያተኞችን ሥራ ላይ እያሉ በርቀት የማስተማር ልማድ የቆየ ነው፤ ለዚሁ ሙያ ተብሎ በ1919 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ አለ። ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ የዲግሪ አፕረንቲስ የሚባል መንገድ ተከፍቷል። ሠራተኛው ደመወዙን እየበላ ዲግሪ ይማራል፣ ክፍያውን እሱ አይከፍልም፣ ዋናው ነገር ደግሞ ለትምህርት የሚውለው ጊዜ ከሥራ ሰዓቱ ላይ መቀነሱ ነው። እንግሊዞች ሁሉን አሳምረዋል ለማለት አይደለም፤ እዚያም የሚያቋርጥ ብዙ ነው። ግን ሦስት ወገን ነው የታጠፈው፦ ሠራተኛው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ አሠሪው።

እኛ ጋ ፎርማኑ ዲግሪ ቢይዝ የሚጠቀመው ማን ነው? ኮንትራክተሩም ነው እኮ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ፈቃድ ስጡት ብዬ ለአንድ የማውቀው ኮንትራክተር ብነግረው "ዶክተር፣ ሙሌት ያለበት ቀን ማን ይቆምልኛል?" አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። ሙሌት የሌለበት ቀን ግን በሳምንት ስንት እንደሆነ አብረን ስንቆጥር ዝም አለ።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ አለ። በቀን ክፍሌ ሴት ተማሪዎች አያንሱም። በማታው ክፍል ጀምረው የሚያቋርጡት ይበዛሉ። ክፍል የሚያልቀው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ፣ ከዚያ ጨለማ መንደር። አንዷ ጥሩ ተማሪዬ ስታቋርጥ "ትምህርቱ አልከበደኝም፣ መንገዱ ነው የከበደኝ" ነበር ያለችኝ። ለእሷ ከዚያ ሌክቸር ግማሹ ተቀርጾ በስልኳ ቢደርሳት፣ ቅዳሜ በቀን ብርሃን ላብራቶሪ ብትመጣ፣ ዛሬ ተመርቃ ነበር። ለሷ የማታ ትምህርት ምኑም የተመቸ አልነበረም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናው መጥቷል፣ ለመደበኛውም፣ ለማታውም፣ ለርቀቱም አንድ ነው። ይሄን እደግፋለሁ። "የማታ ዲግሪ" የሚለውን ንቀት የሚመልስ ሌላ ነገር እስካሁን አላየሁም። ግን ምርጫ ያለው የኮምፒዩተር ፈተና የሚለካው የሚለካውን ያህል ነው። ያ ተማሪዬ የውሃና ሲሚንቶ ምጣኔውን ጥያቄ ይመልሳል፤ ዳታውን በወረቀት የተቀበለውም ይመልሳል። ሁለቱ የሚለያዩት ሳይት ላይ ነው።

መስከረም ደረሰ፣ ብዙዎቻችሁ ለማታና ለርቀት ትመዘገባላችሁ። ክፍያውንና የክፍል ሰዓቱን ሬጅስትራሩ ይነግራችኋል። እናንተ ደግሞ እነዚህን ጠይቁ፦ ላብራቶሪው በስንት ሰዓት ይዘጋል? ለማታ ተማሪ የሚከፍተው ማን ነው? የፕሮግራሚንግ ፈተናው በኮምፒዩተር ነው በወረቀት? ሥራ ላይ የምሠራው ለተግባር ልምምድ ይያዝልኛል? ሌክቸር ያመለጠው ሰው የት ያገኘዋል? መልሱ "እሱ ኋላ ይታያል" ከሆነ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ክፍሉ ድረስ ሄዳችሁ ኃላፊውን አነጋግሩ። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ጠዋት ስብሰባ ላይ ናቸው።